በርጫ የፈረደላት ትንሽ ጠርሙስ

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ሳሙናና ዘይት ልገዛ ስገባ በሩ ላይ አንዲት ልጅ አስቆመችኝ። ቀይ ቲሸርት ለብሳለች። ፊት ለፊቷ ባለች ጠረጴዛ ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«ማዘር፣ አዲስ የመጣ ኢነርጂ ሾት ነው፤ አንዴ ቀምሰው አስተያየት ይስጡኝ» አለችኝ።

ማዘር መባሌ ራሱ ደሜን አፈላው። ገና አርባዎቹን ያጋመስኩ ሴት ነኝ፤ የድሬ ፀሐይ ፊት ላይ ዕድሜ ትጨምራለች እንጂ። ልጅቷ ግን ምን ጥፋት አለባት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ መዋል ነው ሥራዋ። በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ቀድታ ዘረጋችልኝና ሦስት ነገር እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ መጀመሪያ ስለ ማሸጊያው፣ ቀጥሎ ስለ ጣዕሙ፣ በመጨረሻም ከጠጣሁ በኋላ ስለሚሰማኝ ስሜት። ኩባያውን ተቀብዬ አፍንጫዬ ድረስ አደረስኩት። ሽታው ያው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አልተለወጠም። መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ሳሙናውንም ዘይቱንም ሳልገዛ ወጣሁ። ከኋላዬ «ማዘር፣ ነፃ እኮ ነው!» ስትል ሰማኋት።

ባጃጅ መያዝ ሲገባኝ በእግሬ ሄድኩ። በዚያ ሙቀት በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ የሚያስበው ነገር አለው።

ያን ሽታ መጀመሪያ ባወቅሁበት ጊዜ የምንኖረው ከዚራ ነበር፤ ጥላው ደግ ከሆነው ሰፈር፣ ከባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ። አባቴ ዕድሜውን በባቡሩ ወርክሾፕ ጨርሶ እዚያው ሥራ ላይ እያለ ሞተ፤ ታላቅ ወንድሜ ቢኒያም በእሱ እግር ተተክቶ ገባ። ከዚያ ባቡሩ ቆመ። ቆመ ብሎ የነገረን ሰው የለም። ሐዲዱ እስኪጠገን ነው፣ ዕቃ እስኪመጣ ነው፣ ለሚቀጥለው ወር ነው እየተባለ እንዲሁ ቀረ። ቢኒ እጁ ግራሶ ከነካ ወራት አልፎትም ከምሳ በፊት በኦሞ መፈተጉን አልተወም ነበር። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። እኔ ግን እበሽቅ ነበር፤ «ኦሞ እኮ በነፃ አይሰጥም» እለው ነበር።

የሰፈሩ ወንዶች በዚያ ዓመት አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። ታህሪብ ይሉታል፤ በጅቡቲ በረሃ አድርጎ ባሕሩ ጠረፍ መድረስ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ በድብቅ ወደ ሳዑዲ መሻገር ነው። ጠዋት አብሮህ ፉል የበላ ልጅ ማታ ስልኩ አይነሳም። ሰፈሩ ለሳምንት ያወራበትና ሌላ ይከተላል። አንድ ቀን ቢኒ ምሳ ላይ እጁን ከሳህኑ ሳያነሳ «እማዬ፣ እስከ መስከረም የሚያቆየኝ ነገር ካላገኘሁ እኔም እሄዳለሁ» አለ። እናቴ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እራት ላይ አብራን መቀመጥ ተወች። በልቻለሁ ትላለች፤ እንዳልበላች እናውቃለን።

ትንሿ ጠርሙስ ቤታችን የገባችው በዚህ መሀል ነው።

ያመጣት ሙህየዲን ነው። ሙህየዲን የቢኒ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሶማሊ ነው፤ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ከአክስቱ ጋር የልብስና የሬዲዮ ሱቅ ነበረው። በልጅነቱ የእናቴን ሽሮ በልቶ ያደገ ስለሆነ ቤታችን ሲገባ አያንኳኳም። ከጅቡቲ ወገን የመጣ አንድ ዘመዱ ጥቂት ጠርሙሶች ለናሙና ሰጥቶት ኖሮ በፌስታል ይዞ መጣና «አባዮ፣ በረዶ አለሽ?» አለኝ። አባዮ እህቴ ማለቱ ነው። በረዶማ ነበረኝ። አባቴ የተወልን አሮጌ ፍሪጅ ነበርና ውሃ በፌስታል ቋጥሬ እያቀዘቀዝኩ እሸጥ ነበር፤ በግንቦት ድሬ ውስጥ በረዶ ያለው ሰው ባለሥልጣን ነው።

እንግዲህ የድሬን ነገር ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገረው። በዚህ ከተማ አዲስ ዕቃ ከገባ መጀመሪያ የሚመረመረው በርጫ ላይ፣ ጫት በሚቃምበት ስብስብ ነው። ከምሳ በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል። ሽቶ በሉት፣ ጫማ በሉት፣ ስልክ በሉት፣ በእጅ በእጅ ይዞራል፤ ይሸተታል፣ ይገለበጣል፣ ይፈረድበታል። ለጋብቻ የታሰበች ልጅም ሳትቀር ስሟ እዚያ ይዞራል። በርጫው ያመሰገነው ዕቃ ይገባል፤ የናቀው ይመለሳል። ማንም ይህን ልማድ እንግዳ ነገር ነው ብሎ አያውቅም፤ እኔም ብሆን።

የኛ በርጫ የሚቀመጠው ከጓሮ ካለችው ክፍል ነበር። እናቴ ጫት አትወድም፤ ግን ፈቅዳ ነበር። «ከዓይኔ አይራቅ እንጂ የፈለገውን ቅጠል ይቃም» ትል ነበር። የዚያን ቀን ሦስት ሆነው ነበር የተቀመጡት፤ ቢኒ፣ ሙህየዲን፣ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛቸው ኢብሳ። ጫቱን ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጉንጫቸው ተወጥሯል፤ ኢብሳ ዓይኑ በርቶ ስለማያውቀው አገር ፖለቲካ ያስረዳል። በረዶውን ይዤ ስገባ ሙህየዲን ጠርሙሶቹን ደርድሮ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወላሂ ቀልድ አይደለም። ይህን ነገር በብዛት ላስገባ ነው። እኔ ብቻዬን አልችልም፤ ቢኒ ይግባበት። ሽያጩን እሱ ይያዘው፤ ከድሬ አይወጣም፣ ባሕር አይሻገርም፣ እናታችንም እራቷን ትበላለች። ስለዚህ እውነቱን ብቻ ንገሩኝ። ዕቃው እንዴት ነው? ጣዕሙ እንዴት ነው? ጉልበቱስ?»

እናቴ እራቷን እንደማትበላ ሙህየዲን ማወቁን አላውቅም ነበር።

ስለ ዕቃው እኔ ልፍረድ ተባልኩ፤ ሴት ናት፣ የሚያምር ነገር ታውቃለች ብለው። ጠርሙሷን መዳፌ ላይ አገላበጥኳት። ጥቁር ናት፤ ወገቧ ላይ ወርቃማ መብረቅ ተስሎባታል፤ ክዳኗም ወርቃማ። ዙሪያዋን የተጻፈው ፊደል ላቲንም ዓረብኛም አይደለም፤ አንዳችንም አናነበውም። አለማንበባችን ይበልጥ ክቡር አስመሰላት። ማን እንደሠራት፣ ለማን እንደሠራት፣ ምን እንዳለባት የጠየቀ የለም። እኔ እንደ ሽቶ ነው ያየኋት። «ታምራለች፤ ባዶዋን እንኳ ሰው አይጥላትም» አልኩ። ከልቤ ነበር። ባዶዋን ለጨው መያዣ አስቤያት ነበር።

ከዚያ እነሱ ጠጡ። ኢብሳ አንዴ ጨለጣትና ከንፈሩን ላሰ። «አቦ ይሄ ማር ነው! ኮምጠጥ ይልና ይጣፍጣል።» ቢኒም ጠጣ። «ጥሩ ናት» አለ፤ ቢኒ ብዙ አይናገርም። ቆይተው ስለ ጉልበቷ ተነጋገሩ። ኢብሳ ደረቱ ውስጥ ሞተር እንደተነሳ፣ ባጃጁን ተሸክሞ ሐረር መድረስ እንደሚችል ተናገረ። ሙህየዲን ሲያወራ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በደስታ መስሎን ሳቅን። ቢኒ ግን ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡሩ ሳይሆን ነገ ታየኝ» አለ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ያን ማታ ከኛ ጋር እራት ቀረበች።

በሳምንቱ የጋብቻ ወርቋን አውጥታ ለዕቃው መግዣ ለቢኒ ሰጠችው። አባቴ ከጅቡቲ ያመጣላት ሐብል ነበር። ሲሸጥ አላየሁም፤ አንገቷ ላይ ቦታውን ብቻ ነው ያየሁት።

ካርቶኖቹ የደረሱት ሙቀቱ ጫፍ በደረሰበት ሰሞን ነው። ታይዋን ከሱቁ ኋላ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ተከመሩ። ቢኒ አንድ ካርቶን በትከሻው ይዞ በየቀኑ ይወጣል፤ ጠዋት ቀፊራ ገበያ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ተራ፣ ቀጥሎ መናኸሪያ። ጫማውን አስጠርጎ፣ ሸሚዙን አስገብቶ። ሥራ እንደገባ ሰው ነበር የሚለብሰው።

አንድ ቀን እኔም ቀፊራ አብሬው ሄድኩ። ሎሚና ማንጎ የሚጫንበት፣ በርበሬው አየሩን ይዞ የሚያስነጥስበት ሰዓት ነበር። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጠርሙሷን በሁለት ጣት ይዛ አየቻትና «ይሄ ናሙናው ነው? ዋናው የት አለ?» አለችው። ቢኒ ይኸው ዋናው ራሱ ነው ሲላት የምር አዘነችለት። በዚያ ሙቀት የሚፈለገው ትልቅ ነገር ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ ቁጭ ብለው ሆድ እስኪሞላ የሚጠጡት። እኛ የያዝነው ግን አንድ ጉንጭ የማትሞላ ሙቅ ጠብታ ነበረች። እኔ ሽቶ ያልኳት፣ ገበያው የሳል መድኃኒት አላት። አንድ ተሸካሚ አዝኖለት ገዛና ጠጣት፤ ሆዱን እህል አልነካውም ነበር። ከረጢቱን አውርዶ ተቀመጠ፤ ፊቱን አጨማደደ። «ወንድሜ፣ ጉልበቱ ይቅርብኝ፤ ልቤን እያስደለቀ ሆዴን አቃጠለኝ» አለው። ቢኒ ገንዘቡን መለሰለት። ሰውየው አልቀበልም አለ። ሁለቱም ተፋፈሩ።

እንዴት እንደተሳሳትን የገባን ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ሰኔ ቀን ከላይ ከአወዳይ የሚመጣው ጫት በዝናብ ዘገየ። ሦስቱ ጓሮው ክፍል ተቀምጠው፣ ባዶ አፋቸውን፣ እየተነጫነጩ ይጠብቃሉ። ኢብሳ እንቅልፉ መጣና ከካርቶኑ አንዷን አውጥቶ ጠጣት። ከዚያ ዝም አለ። ኢብሳ ዝም ብሎ አያውቅምና ሁላችንም አየነው። ጠርሙሷን አገላብጦ አያት፤ ሌላ ነገር የጠጣ መስሎት ነው።

«ይሄ ያኔ የጠጣነው ነው?»

«ራሱ ነው» አለው ሙህየዲን።

«ሳሙና ሳሙና ይላል።» እጁን ልቡ ላይ አደረገ። «ልቤን ይጎሽመኛል እንጂ ደስታ የሚባል ነገር የለውም። አቦ... እኛ ያኔ ያመሰገንነው ጫቱን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር፤ ጫት ያመረረው አፍ ላይ ስኳር የነካው ነገር ሁሉ ማር ነው። የጫቱ ምርቃና ሲመጣ ደግሞ ሰው ተራራ ይገፋል። የትኛው ስሜት ከቅጠሉ፣ የትኛው ከጠርሙሷ እንደመጣ ማን ይለያል? በዚህች ከተማ መንቃት የፈለገ ሰው ጫቱ አለለት፤ ጫት የማይቅም ደግሞ ቀትር ላይ መተኛት ነው የሚፈልገው። እኛ መተኛት የምትፈልግ ከተማን ልንቀሰቅስ በእናቴ ሐብል ጠርሙስ አስገባን። ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ስህተት የሚሳሳት አይመስለኝም።

ቢኒ ግን ተነስቶ እጁን ታጠበ።

መጋዘኑ ውስጥ ያለው ጠርሙስ በሙቀቱ ተበላሸ። ክዳኑ እያበጠ፣ ቆርቆሮው ሥር የሚጣፍጥና የሚቆመጥጥ ሽታ ሸተተ፤ ዝንብ ወረረው። ሙህየዲን የቻለውን ያህል ለማኝ እንኳ የማይወስደውን ዕቃ በየዘመዱ ሱቅ ለማስቀመጥ ሞከረ። የራሱም ገንዘብ አብሮ እንደጠፋ አንድ ቀን ሲናገር አልሰማሁትም። እናቴ ስለ ሐብሉ አላነሳችም። ቢኒ ግን አንገቷን ማየት ተወ፤ ሲያናግራት መሬት መሬት ያያል። ሰው ከራሱ ቤት ሲሸሽ አይቼ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

መስከረም ገባ። አንድ ከሰዓት በረዶ ይዤ ወደ ጓሮው ስሄድ መጋረጃው ጋ ድምፃቸውን ሰምቼ ቆምኩ። ምርቃና ላይ ናቸው። ስለ ባሕሩ ያወራሉ።

«ጀልባው ማታ ተነስቶ ጠዋት ይደርሳል ይባላል» ይላል ኢብሳ። «ምን አላት? እንደ ደቻቱ ተሻግሮ ማደር ነው።»

ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በጫማው ይሻገረዋል።

«የመን የአጎቴ ልጅ አለ» አለ ሙህየዲን። «ስልኩን እሰጥሃለሁ። ኢንሻአላህ በዓመቱ ትመለሳለህ።»

ቢኒም ድምፁ ደስ ብሎት፣ ሳዑዲ ውስጥ ስለሚሠራው ጋራዥ፣ ስለ እናቴ ሐብል፣ በእጥፍ እንደሚተካው ይናገራል። በወሬያቸው መንገዱ አጭር ነበር፤ ባሕሩ ጠባብ ነበር፤ ፖሊሱ ሁሉ ይተኛ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

«ቢኒ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይህን ነገር ነገ ጠዋት አስበው። ጫት ሳትይዝ። ጠርሙሷንም እንዲሁ ነው ያመሰገናችኋት።»

ሙህየዲን አንገቱን ደፋ። ቢኒ ግን ፈገግ አለና በረዶውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«አስቱ፣ ጠዋት አስቤው አውቃለሁ» አለኝ። «ጠዋት ላይ ምንም ነገር አይቻልም። መቆየትም አይቻልም።»

ወንድሜ ሞኝ አልነበረም፤ በምርቃና ተታሎ አይደለም የሄደው ማለት ነው፤ መሄጃ ብርታት ያገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። በንጹሕ አእምሮ ሲያየው ከተማው ውስጥ የቀረው ነገር የለም፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሚፈራው ባሕር አለ። ከሁለቱ አንዱን ለመሸፈን ቅጠል ያስፈልገው ነበር።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት አንድ ጠዋት ወጣ። ለእኔ ለገበያ እንደሚሄድ ነው የነገረኝ። ከኦቦክ፣ ከጅቡቲ ባሕር ጠረፍ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ነፋስ ድምፁን እየቆራረጠው፣ «ደህና ነኝ፣ ነገ እንሻገራለን፤ ለእማዬ በልቷል በያት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ጀልባዎች ሰጠሙ የሚባል ወሬ በዚያ ሰሞን ነበረ፤ በየትኛውም ሰሞን ነበረ። ሙህየዲን ጅቡቲም የመንም ያሉ ዘመዶቹን ሲያስጠይቅ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ ጢሙ ሸብቶ፣ ትልቅ ሱቅ ይዞ፣ ታይዋን ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ድንገት መሀል ላይ ያዝ አደረገኝና «አባዮ፣ እኔ ዛሬም ይደውል ይሆናል ብዬ ስልኬን ሳላይ አላድርም» አለኝ።

ለቅሶ አልተቀመጥንም። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ፣ ለምኑ ድንኳን ይተከላል? የመጣው ጎረቤትም እናቴን እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት ፈርቶ ውሃ ጠጥቶ ይሄድ ነበር። ቅዳሴ ውስጥ በባሕርም በየብስም ለሚሄዱ መንገደኞች የሚጸለይበት ቦታ አለ። እናቴ እዚያ ሲደረስ እስከ መሬት ትሰግዳለች። ጉልበቷ ከከዳት በኋላም በመቋሚያ ተደግፋ ትጎነበስ ነበር። ለንስሐ አባታችንም የቢኒን የክርስትና ስም፣ ኃይለ ሚካኤልን፣ ለጸሎት በየዓመቱ ስትሰጥ «ከመንገደኞቹ ጋር ይሁንልኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም እንዳለችው ይቀበሏታል።

እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ሙት ዓመቷ ደርሷልና የሚጸለይላቸውን ስሞች ለመስጠት፣ ልጅቷ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ባስቆመችኝ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። ንስሐ አባታችን ቅዳሴው እንዳለቀ ግቢው ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እህል ውሃ አልቀመስኩም፤ ፀሐይዋም ገና ግንቡን አልፋ አልመጣችም። የእናቴን ስም ሰጠኋቸው፤ የአባቴን ሰጠኋቸው።

«ኃይለ ሚካኤልንስ ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እናትሽ እንደምታደርገው ይሁን? ወይስ ካረፉት ጋር?»

መንገደኛ ማለት የሚደርስበት ያለው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት መንገድ ላይ የሚቆይ ሰው የለም። እናቴ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይመስለኝም፤ እሷ አርፏል ብትል ሞቱ የሚጀምረው ከዚያ ሰዓት ስለሆነባት ነው። አሁን ደግሞ ከኔ በቀር የሚናገርለት የለም።

«ካረፉት ያድርጉልኝ አባ» አልኳቸው።

አባ መስቀላቸውን ያዝ አደረጉና «ነፍሱን ይማርልን» አሉ። ለወንድሜ እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አሜን ይባላል። አፌን ከፈትኩ፤ አላልኩም።